ከሳጥን የወጣ የወረቀት ፓውንድና ማርክ የት ይቀየራል?

ሰገነት፦

ጤና ይስጥልን ለዚህ ቤት። ለውርስ ክፍፍል ንብረት ሲቆጠር ከአንድ የብረት ሳጥን የቆየ የውጭ ገንዘብ ወጥቷል። ቦታው አዲስ አበባ ነው። ሁለት ባንክ ተጠይቆ «ከገበያ የወጣ ነው፤ አንቀበልም» የሚል መልስ ነው የተገኘው። ዝርዝሩ ይኸው፦

ባለ 20 ፓውንድ ወረቀት 14። ስምንቱ ጀርባቸው ላይ የፋብሪካ ሥዕል አለ፤ ስድስቱ ላይ ሪዛም ሰውና ቤተ ክርስቲያን። ከ14ቱ አንዱን እርጥበት በልቶታል፣ ሲሶው የለም።
ባለ 50 ፓውንድ ወረቀት 3። ሁለቱ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን፣ አንዱ ላይ ረጅም ዊግ ያደረገ ሰው።
ባለ 10 ፓውንድ ወረቀት 4፣ ጺማም ሽማግሌ ያለበት።
ባለ 1 ፓውንድ አረንጓዴ ወረቀት 1።
«ስኮትላንድ» የሚል ባለ 20 ፓውንድ 2።
ክብ ባለ 1 ፓውንድ ሳንቲም 11።
የጀርመን ማርክ 350፣ እና ሌላ ዓይነት ማርክ 120 (ካርል ማርክስ ያለበት ባለ 100፣ ጎተ ያለበት ባለ 20)።

አንድ ደላላ ፓውንዱን በግማሽ ዋጋ ልውሰድ ብሏል፤ «በቅርቡ ጭራሽ ይዘጋል» ባይ ነው። እውነት የመጨረሻ ቀን አለው? ለንደን ያለ ዘመድ ሊቀይረው ይችላል? የተበላውስ ኖት?

ቴምዝ ዳር፦

«ከገበያ ወጣ» እና «ዋጋ አጣ» ለየቅል ናቸው። የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ፣ ማለትም ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ፣ አንድ ኖት ከመገበያያነት ካነሳ በኋላ ሱቅ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ባንኩ ራሱ ግን ያወጣውን ኖት በላዩ በተጻፈው ዋጋ ለዘለዓለም ይቀይራል። ኖቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ለያዡ ይህን ያህል ፓውንድ ለመክፈል ቃል እገባለሁ» ተብሎ የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። የመጨረሻ ቀን የሚባል የለም፤ ደላላው የሚያወራው ወይ ሳያውቅ ነው ወይ እያወቀ።

የእናንተን እንለይ (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር)። ፋብሪካ ያለበት ባለ 20 አዳም ስሚዝ ነው፤ ሥዕሉም የመርፌ ፋብሪካ ነው። የወጣው በ2007፣ ከገበያ የተነሳው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022። ሪዛሙ ሙዚቀኛው ኤልጋር ነው፤ እሱ ቀድሞ፣ ጁን 30 ቀን 2010 ተነስቷል። ሁለት ሰዎች ያሉበት ባለ 50 ቦልተንና ዋት ሲሆን ከአዳም ስሚዝ ጋር በአንድ ቀን ተነሳ። ባለ ዊጉ የባንኩ የመጀመሪያ ገዥ ሁብሎን ነው፣ የተነሳው ኤፕሪል 30 ቀን 2014። ባለ ጺሙ ዳርዊን፣ ማርች 1 ቀን 2018። አረንጓዴው ባለ 1 ኒውተን ሲሆን ከ1988 ጀምሮ ሱቅ አይገዛም። ሁሉም ባንኩ ዘንድ እኩል ናቸው፤ የ1988ቱ ከ2022ቱ አያንስም።

ለወደፊቱ ቀላሉ መለያ ይሄ ነው፦ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ የሚል ኖት ፕላስቲክ ከሆነና ወደ ብርሃን ሲያዩት ባዶ መስኮት ካለው ይሠራል፤ ወረቀት ከሆነ ከገበያ ወጥቷል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለ የባንክ ኦፍ ኢንግላንድ የወረቀት ኖት የለም።

ሲደመር፦ 13 ደህና ባለ 20 = 260፣ 3 ባለ 50 = 150፣ 4 ባለ 10 = 40፣ አንዱ 1። በድምሩ 451 ፓውንድ። የተበላው 20 ለብቻው ይሄዳል። የስኮትላንዱና ሳንቲሙ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ዘንድ አይቆጠሩም፤ ያንን የሚያውቅ ይመልስ።

የመቀየሪያ መንገዶቹ አራት ናቸው፤ ከቀላሉ ልጀምር።

እንግሊዝ የባንክ ሂሳብ ያለው ሰው ባንኩን መጠየቅ ይችላል። ብዙዎቹ ባንኮች ከራሳቸው ደንበኛ የተነሱ ኖቶችን ወደ ሂሳብ ያስገባሉ፤ ግን ግዴታ የለባቸውም፣ አሠራራቸውም ይለያያል። ማስገቢያ ማሽን ላይ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ማሽኑ ወረቀቱን ይተፋዋል። መስኮት ላይ ያለ ሠራተኛ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፖስታ ቤት ነው። የተወሰኑ ቅርንጫፎች ፎቶ ያለው መታወቂያ ይዞ ለመጣ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 300 ፓውንድ ድረስ በአዲስ ይቀይራሉ። ሁሉም ቅርንጫፍ አይደለም፤ ሳይጠይቁ መሄድ በከንቱ መመላለስ ነው። 451ዱን በአንድ ሰው ስም እዚህ መጨረስ አይቻልም።

ሦስተኛው በፖስታ ወደ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ መላክ ነው። ቅጹ በባንኩ ድረ ገጽ ላይ አለ። ከኖቱ ጋር የተሞላው ቅጽ፣ የመታወቂያ ቅጂና የአድራሻ ማስረጃ ቅጂ ይገባል። የመላኪያው ኃላፊነት የላኪው ነው፤ መንገድ ላይ ቢጠፋ ባንኩ አይጠየቅም። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ እንግሊዝ ውስጥ በፊርማ የሚረከቡት ተራ ሪኮማንዴ ለጥሬ ገንዘብ ካሳ አይከፍልም። ገንዘብ ሲላክ «ስፔሻል ዴሊቨሪ» የሚባለው ነው የሚያስፈልገው፤ እሱም ካሳው እንደተከፈለበት ደረጃ ስለሆነ ከኖቶቹ ድምር በላይ ያለውን ደረጃ መምረጥ ነው። ከማሸግ በፊት የእያንዳንዱን ኖት ቁጥር ጽፎ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ማንሳት።

አራተኛው በአካል መሄድ። ለንደን፣ ስሬድኒድል ጎዳና፣ የባንኩ ዋና ሕንፃ፤ ባቡሩ ጣቢያ ራሱ «ባንክ» ይባላል። መስኮቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ9፡30 እስከ 15፡00 ነው፣ በሀበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት። በሕዝብ በዓላት ዝግ ነው። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፣ ወረፋም አለ፤ በ2022 መኸር ሰዉ ሴፕቴምበር 30ን የመጨረሻ ቀን መስሎት ሰልፉ ውጭ ድረስ ወጥቶ ነበር። ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ፣ ከዚያም ስምና አድራሻ ያለበት የቅርብ ጊዜ ደብዳቤ (የባንክ መግለጫ፣ የመብራት ወይም የውሃ ሂሳብ) ይዞ መሄድ ነው። አድራሻውን በቃል መናገር አይጠቅምም።

በአራቱም መንገድ የሚከፈል ኮሚሽን የለም።

ሳንቲም ለቃሚ፦

ሳንቲሙንና የስኮትላንዱን እኔ ልያዝ።

ሳንቲም የባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ሥራ አይደለም፤ የእንግሊዝን ሳንቲም የሚያመርተው የሮያል ሚንት ነው። ክቡ ባለ 1 ፓውንድ ኦክቶበር 15 ቀን 2017 ከገበያ ወጥቷል፤ ምክንያቱ የሐሰተኛው ብዛት ነበር። የተተካው ባለ 12 ማዕዘኑ ነው። ክቡን ስሬድኒድል ጎዳና ድረስ ይዞ የሚሄድ ሰው ይዞ ይመለሳል። የሚሠራው አንድ መንገድ፣ እንግሊዝ ሂሳብ ያለው ሰው በራሱ ባንክ ሂሳቡ ውስጥ ማስገባት ነው። ከአዲስ አበባ ለ11 ፓውንድ ሲባል በፖስታ መላክ ከመላኪያው ዋጋ አንጻር ኪሳራ ነው፤ ተጓዥ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይሂድ።

«ስኮትላንድ» የሚለው ኖት ደግሞ ከንግድ ባንክ የወጣ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሦስት ባንኮች የራሳቸውን ኖት ያትማሉ፤ ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ፣ ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድና ክላይድስዴል። ሰሜን አየርላንድም እንዲሁ የየራሳቸውን የሚያወጡ ባንኮች አሉት። የሚቀይረው ያወጣው ባንክ ነው። ስለዚህ ከላይ የተጻፈውን ስም ሙሉውን ያንብቡ። «ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ» እና «ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ» ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ ሁለት የተለያዩ ባንኮች ናቸው፤ ወደ ተሳሳተው መላክ የተለመደ ጥፋት ነው። የጀርሲ፣ የገርንዚ፣ የማን ደሴትና የጂብራልታር ፓውንዶችም ለብቻ ናቸው።

አረንጓዴውን ባለ 1 ኒውተን ግን ወደ ባንክ አትቸኩሉበት። ባንኩ አንድ ፓውንድ ነው የሚሰጠው። ያልታጠፈ፣ ያልተጨማደደ ከሆነ ሰብሳቢ ትንሽ ጨምሮ ሊወስደው ይችላል። ሀብት አያደርግም፣ ግን ከአንድ ፓውንድ ይሻላል።

ሰገነት፦

እግዜር ይስጥልን። የአክስት ልጅ ለንደን አለ። ገንዘቡን በሰው ቢላክለትና በሱ ስም ቢቀይረው «የአንተ አይደለም» አይሉትም? ደግሞ ከዚህ በዲኤችኤል መላክ ይቻላል?

ቴምዝ ዳር፦

አመልካቹ የሚያቀርበው ሰው ነው፤ መታወቂያው የሱ፣ አድራሻው የሱ፣ ገንዘቡ የሚገባበትም ሂሳብ የሱ። ኖት የባለቤት ስም የለበትም። ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ አንድና እውነተኛ መሆን አለበት፦ «አዲስ አበባ ካለ ቤተሰብ ውርስ የተገኘ»። የውርስ ወረቀቱን ወይም የንብረት ቆጠራውን ቅጂ ከነትርጉሙ ይዞ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ለ451 ፓውንድ ብዙ ጥያቄ አይጠበቅም፤ መጠኑ ሲተልቅ ግን ማስረጃው ጉዳዩን ይወስነዋል። አንድ ነገር አታድርጉ፦ ጥያቄ ለማምለጥ ብላችሁ ገንዘቡን ቆራርሳችሁ በአምስት ዘመድ ስም አታስገቡ። በሕጋዊ ገንዘብ ላይ ጥርጣሬ መጥራት ነው።

በተለያየ ስም የተጻፈ መታወቂያና ሂሳብም ያዘገያል። የእኛ ሰው ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ይዞ፣ ባንክ ውስጥ የአባት ስም ብቻ ይዞ ይገኛል። ቅጹ ላይ የሚጻፈው ስም ከመታወቂያውና ከሂሳቡ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል።

ዲኤችኤል ጥሬ ገንዘብ አያጓጉዝም። «ሰነድ» ብሎ ጽፎ ማስገባት ደግሞ ቢጠፋ ካሳ የሌለው፣ ቢገኝም የሚያስጠይቅ ነው። በተራ ፖስታ ኖት ከቶ መላክም በዓለም አቀፉ የፖስታ ስምምነት መሠረት አይፈቀድም። በሰው እጅ መሄዱ ይሻላል። እንግሊዝ ሲገቡ 10,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው ጉምሩክ ላይ የሚታወጀው፤ የእናንተ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከኢትዮጵያ ሲወጣ ግን የውጭ ምንዛሬ ይዞ መውጣት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚገዛ ነው፤ መመሪያው ይሻሻላል። ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት ይጠይቅ። ሱቅ የማይቀበለው የወረቀት ፓውንድም ቢሆን ለጉምሩክ የውጭ ገንዘብ ነው። «ይሄ እኮ የማይሠራ ነው» የሚል ክርክር ቦሌ ላይ ማንሳት አያዋጣም።

ራይን ማዶ፦

ማርኩ ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው፤ አትቀላቅሉት።

350ው የምዕራብ ጀርመን (በኋላም የተዋሐደችው ጀርመን) ዶይቸ ማርክ ከሆነ ደህና ነው። ኖቱ ላይ «ዶይቸ ቡንደስባንክ» የሚል ስም አለ። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ማርክን ያለ ገደብ፣ ያለ ክፍያ፣ ኖቱንም ሳንቲሙንም ወደ ዩሮ ይቀይራል። ምጣኔው አይለዋወጥም፦ 1 ዩሮ 1.95583 ማርክ ነው። 350 ማርክ 178 ዩሮ ከ95 ሳንቲም ይሆናል። በየከተማው ባሉት የቡንደስባንክ ቅርንጫፎች በአካል መቀየር ይቻላል፤ በፖስታ ከሆነ ወደ ማይንዝ ቅርንጫፍ ነው የሚላከው፣ ቅጽና የመታወቂያ ቅጂ ተጨምሮ። ተራ የጀርመን ባንክ (ሽፓርካሰ የሚባለው የቁጠባ ባንክም ይሁን ሌላ) ላይ ጊዜ አታጥፉ። ሥራው የማዕከላዊ ባንኩ ነው። ቅርንጫፎቹ ደግሞ እንደ ሱቅ ቀኑን ሙሉ አይከፈቱም፤ አብዛኛው የመስኮት ሥራ ከቀትር በኋላ ብዙም ሳይቆይ ያበቃል፣ ሰዓቱን አይቶ መሄድ ነው።

ካርል ማርክስና ጎተ ያሉበት ግን የምሥራቅ ጀርመን ማርክ ነው። አርማውን እዩት፤ መዶሻ፣ ኮምፓስና የእህል ዘለላ አለበት። በ1990 በሁለቱ ጀርመኖች የገንዘብ ውሕደት ጊዜ የመቀየሪያው ቀን ተወስኖ አልፏል፤ ዛሬ ማንም ማዕከላዊ ባንክ አይቀይረውም። በደርግ ዘመን ላይፕዚሽና ድሬስደን የተማሩ ሰዎች ቤት ይሄ ኖት ብዙ ይገኛል። ለማስታወሻ ያስቀምጡት። የሶቪየት ሩብልም ዕጣው ይኸው ነው።

ሌሎች ሳጥን የሚከፍቱ ስለሚጠይቁ፦ የጣሊያን ሊሬ ተዘግቷል። እስከ ፌብሩዋሪ 2012 መቆየት የነበረበት በዲሴምበር 2011 ድንገት በአዋጅ ተቋረጠ፤ ፍርድ ቤት በኋላ ቢሽረውም የተጠቀሙት በዚያች ክፍተት ውስጥ ጥያቄ ማቅረባቸውን ማስረዳት የቻሉት ብቻ ናቸው። የፈረንሳይ ፍራንክና የግሪክ ድራክማም በ2012 አበቁ። የኔዘርላንድ ጊልደር ኖት እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2032 አለው። የቤልጂየም ፍራንክ ኖት ገደብ የለውም፤ ሳንቲሙ ግን አብቅቷል። የአየርላንድ ፓውንድ ኖትም ሳንቲምም ገደብ የለውም፤ የሚቀይረው ደብሊን ያለው ማዕከላዊ ባንክ እንጂ ለንደን ያለው አይደለም።

አራዳ 12፦

ዶላርም እኮ እንደዚሁ ነው፤ ትንንሽ ጭንቅላት ያለበት የድሮ መቶ ዶላር ከገበያ ወጥቷል፣ ማንም አይቀበለውም።

ራይን ማዶ፦

ይሄ በጣም የተሰራጨ ስህተት ነው፣ ወንድሜ። አሜሪካ ዶላርን ከገበያ አታወጣም፤ ትንሽ ጭንቅላት ያለበት መቶ ዛሬም ዋሽንግተን ውስጥ ዕቃ ይገዛል። የማይቀበሉት የየአገሩ መንዛሪዎች ናቸው፤ ምክንያቱም በድሮው ኖት ላይ ሐሰተኛን የሚለይ ምልክት ጥቂት ስለሆነና መልሶ መሸጡ ስለሚከብዳቸው። ያ የንግድ ምርጫ እንጂ ሕግ አይደለም። የተቃጠለ ወይም የበሰበሰ ዶላር ደግሞ ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ሳይሆን ኖቱን ወደሚያትመው የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት ነው የሚሄደው፤ ነጻ ነው፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው።

ካዝና፦

ስለ ተበላው ባለ 20 ማንም አልመለሰም። ጠቃሚው እሱ ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ከእርጥበቱ ይልቅ ለማዳን ብሎ በሚሠራው ሥራ ነው።

ደንቡ በባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ዘንድ ቢያንስ የኖቱ ግማሽ መኖር ነው። የዩሮ አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች ከግማሽ በላይ ይላሉ፤ ከዚያ ካነሰ የቀረው ክፍል መጥፋቱን ማስረዳት ይጠይቃሉ። የግማሹ ነገር የዘፈቀደ አይደለም፤ ከግማሽ በታች በቀላሉ ቢከፈል አንዱን ኖት ለሁለት ቀዶ ሁለት ጊዜ መቀበል በተቻለ ነበር። የእናንተ ሲሶው ነው የጎደለው፤ ሁለት ሦስተኛው ካለ ሙሉ 20 ፓውንድ ይከፈላል።

የተበላሸ ኖት ከተነሳው ኖት ጋር በአንድ ቅጽ አይሄድም። የራሱ ቅጽና የራሱ መላኪያ አድራሻ አለው፤ አድራሻው ቅጹ ላይ ያለው ነው። ቅጹ እንዴት እንደተበላሸ ይጠይቃል፤ አጭርና ቀጥተኛ ይሁን፦ «በብረት ሳጥን ውስጥ በእርጥበት»።

አሁን የማይደረጉት። ፕላስተር አትለጥፉበት። ፕላስተር የተቀደደውን ጠርዝ ይሸፍናል፤ መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ያንን ጠርዝ ነው፣ የሁለት ኖት ቁራጭ የተጋጠመ እንዳይሆን። በባለ 20 ወረቀት ላይ መለያ ቁጥሩ ሁለት ቦታ ታትሟል። ሁለቱም ከተረፉና ከተመሳሰሉ ነገሩ አለቀ። አንዱ ብቻ ከቀረም ችግር የለም፣ በጣታችሁ እየደባበሳችሁ ቀለሙን አታጥፉት።

አታጥቡት፣ አትተኩሱት። ካውያ የሻጋ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሻጋታውን ወደ ቃጫው ያስገባዋል፤ ሙቀቱ ኖቱ ውስጥ ያለውን ክርም ሊያበላሸው ይችላል። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በማያነሳው ቦታ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ማድረቅ በቂ ነው።

ሁለት ኖት ተጣብቆ ከሆነ አትላቅቁት። እንደተጣበቀ ላኩት። ስትላቅቁ የአንዱ ቀለም በሌላው ላይ ይቀራል፤ ሁለት ደህና ኖት የነበረው ሁለት የተላጠ ይሆናል። የወደቀ ብናኝ፣ የተሸራረፈ ጠርዝ፣ ሁሉም አንድ ላይ በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ይግባ። የተቃጠለ ከሆነ አመዱም ጭምር።

የታሰረበት ላስቲክ ቀልጦ ኖቱ ላይ ከተጣበቀም እንደዚያው ተዉት። በምላጭ ልፋቀው ማለት የማይሆን ነገር ነው።

ሻጋታ፣ የአይጥ ሽንት፣ ደም የነካው ከሆነ በታሸገ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ውጭው ላይ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የሚከፍተው ሰው ነው። ምልክት ሳያደርጉ መላክ ፖስታው ሳይመረመር እንዲቆም ያደርጋል።

አንድ ለየት ያለ አለ፦ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተረጨበት ኖት። ገንዘብ አጓጓዦች ሣጥን ሲሰበር እንዲረጭ የሚያደርጉት የስርቆት ቀለም ነው። እንዲህ ያለ ኖት ከሰው እጅ አትግዙ፤ ማዕከላዊ ባንክ ስታቀርቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ነው። የዩሮ አገሮች እንዲህ ለቀለመ ኖት የጽሑፍ ማብራሪያ ይጠይቃሉ።

መርካቶ ጥግ፦

የደላላውን ሒሳብ ልሥራላችሁ። ግማሽ ዋጋ ማለት ከ451 ፓውንድ 225 አካባቢ ነው። እሱ ለንደን ለሚሄድ ሰው ሰጥቶ ሙሉውን ያገኛል፤ አደጋው ሲታይ ጥቂት ቢቀንስ አይገርምም፣ ግማሽ ግን ዘረፋ ነው። ዘመድ ለሌለው ሰው እንኳ ለማመላለሻ ከአሥር በመቶ በላይ መስጠት ከባድ ነው።

ሌላው፣ «የባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ወኪል ነኝ፣ የምዝገባ ክፍያ አስቀድማችሁ ክፈሉ» የሚል ከመጣ በሩን ዝጉ። ባንኩ ለመቀየር ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቁር የተቀባ ወረቀት አሳይቶ «በኬሚካል ሲታጠብ ፓውንድ ይሆናል» የሚለውም ያው የዶላሩ ማጭበርበሪያ በሌላ ስም ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የነበረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከፓውንድ ጋር ቀላቅላችሁ እንዳትልኩ። በፈረንጆች ከ1945 በፊት እዚህ ይሠራበት ነበር፣ እንግሊዝኛ ተጽፎበታል፣ የንጉሡም ምስል አለበት፤ ያወጣው ግን የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ስለሆነ ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ ሳይቀይር ይመልሰዋል። በአንጻሩ አንድ ፊቱ ብቻ የታተመበት ትልቅ ነጭ ባለ 5 ፓውንድ ከወጣ የባንኩ ነው፤ ሆኖም አምስት ፓውንድ ለመቀበል አትቸኩሉ፣ ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ነጩን ኖት በብዛት አስመስለው ስላተሙ ግን መጀመሪያ በባለሙያ መታየት አለበት።

ሳጥኑ ውስጥ የድሮ ብር ካለ ደግሞ እሱን እርሱት። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ 50 እና 100 ብር ሲቀየር የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። እኛ ዘንድ «ለያዡ ለዘለዓለም» የሚባል አሠራር የለም፤ የእንግሊዙንና የእኛን ማዕከላዊ ባንክ የሚያመሳስል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሰገነት፦

ተለይቶ ተቀምጧል፦ 451ዱ በአንድ ፖስታ፣ የተበላው በከረጢት ለብቻ፣ ስኮትላንዱ ለብቻ (ስሙ «ሮያል» አለው)፣ ማርኩ ፍራንክፈርት ለሚያልፍ ሰው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ንግሥቲቱ ያለችበት የፕላስቲክ 20 ሁለት ተገኝቷል። ንጉሡ የወጣበት ስለመጣ ይሄም መቀየር አለበት?

ቴምዝ ዳር፦

የለበትም። የንጉሥ ቻርልስ ኖት ጁን 5 ቀን 2024 ሥራ ጀመረ እንጂ የንግሥቲቱን ፕላስቲክ አልተካም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሠራሉ። እነዚያን ሁለቱን ከወረቀቶቹ ጋር እንዳታሽጓቸው፤ ተጓዡ ለንደን ሲደርስ ለባቡር ይክፈልባቸው።